በስህተት ቃሊቲ

ዳዊት፦ እየቀዳ ነው?

ማህሌት፦ እየቀዳ ነው። ጀምር።

ዳዊት፦ እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቻችን። የዛሬው ወሬያችን ባቡር ነው። ምክንያቱ ደግሞ ማህሌት ናት። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ መገናኛ ተቀጣጥረን እየጠበቅኳት ደወለች። «ዳዊትዬ፣ ቃሊቲ ነኝ» አለችኝ።

ማህሌት፦ እና አንተ ምን አልክ?

ዳዊት፦ «ምን አድርገሽ?»

ማህሌት፦ (ሳቅ) እናቴም ልክ እንደዚሁ ነው ያለችው። የዚህ ከተማ ሰው ቃሊቲ ሲባል ወህኒ ቤቱ ነው የሚታየው። ሰው የሚኖርበት ሰፈር መሆኑ ትዝ አይለውም።

ዳዊት፦ እሺ፣ እንዴት ሄድሽ? ከሜክሲኮ መገናኛ እኮ ቀጥታ ነው።

ማህሌት፦ ቀጥታ ነው፣ ትክክለኛውን ከያዝክ። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። መስመሩ ሁለት ነው። አረንጓዴው ከጦር ኃይሎች ተነስቶ አያት ይደርሳል። ሰማያዊው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። እያንዳንዳቸው ወደ 17 ኪሎ ሜትር ናቸው። መሀል ከተማ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ሐዲድ ነው የሚጠቀሙት። ልደታ፣ ተግባረ ዕድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃር፣ ስታዲየም። በእነዚህ አምስት ጣቢያዎች የመጣው ባቡር ሁሉ ያንተ አይደለም።

ዳዊት፦ ቀለሙን ማየት ነዋ!

ማህሌት፦ ቀለሙን ማየት ነው። እኔ ስልኬን ነበር የማየው። ዘልዬ ገባሁ። ስታዲየም አለፍን። እስጢፋኖስን እየጠበቅኩ ባቡሩ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ቀና ስል የጣቢያው ሰሌዳ ላይ «መሿለኪያ» ይላል።

ዳዊት፦ ሾለክሻ!

ማህሌት፦ ሾለክሁ።

ዳዊት፦ ታዲያ ለምን አልወረድሽም? አንድ ጣቢያ ነው፣ ተሻግረሽ መመለስ ነበር።

ማህሌት፦ ወንበር አግኝቼ ነበር።

ዳዊት፦ (ሳቅ) በቃ፣ ገባኝ። ወንበር ከተገኘማ ጅቡቲም ይኬዳል።

ማህሌት፦ እውነቴን ነው! ይሄን ባቡር ስንት ዓመት ስሳፈር በአንድ እጄ ተንጠልጥዬ፣ የሌላ ሰው ክርን ጎኔን እየወጋኝ ነው። ማክሰኞ ረፋድ አምስት ሰዓት፣ የመስኮት ዳር፣ ፀሐይ የማያገኘው በኩል። ማን ይወርዳል? «ዳዊት ይጠብቅ» አልኩ።

ዳዊት፦ አመሰግናለሁ።

ማህሌት፦ ምንም አይደል። እና ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ እኔ እዚሁ ከተማ ተወልጄ አድጌ ከሳሪስ ወዲያ በባቡር ሄጄ አላውቅም። ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ መጥታ ሳዞራት ነበር። ብሔራዊ ሙዚየም፣ እንጦጦ፣ አንድነት ፓርክ፣ ቅድስት ሥላሴ፣ ማታ ማታ ቦሌ። «አዲስ አበባን አየሁ» ብላ ሄደች። እኔም አሳየኋት ብዬ ነበር።

ዳዊት፦ እንግዳ ቃሊቲ ወስደሽ ምን ልታሳዪ ነው ግን?

ማህሌት፦ እሱን ልነግርህ ነው። መጀመሪያ ስሞቹን ስማ። መሿለኪያ፣ ሪቼ፣ ጠመንጃ ያዥ፣ ላንቻ፣ ንፋስ ስልክ፣ አደይ አበባ፣ ሳሪስ፣ አቦ መገንጠያ፣ ቃሊቲ። ሌላ ቦታ ጣቢያ ሲሰየም አደባባይ ወይ የትልቅ ሰው ስም ይሰጠዋል። የእኛ ጣቢያ ደግሞ ታክሲ ረዳቱ የሚጠራውን ሰፈር ነው የያዘው። ጠመንጃ ያዥ ማለት እኮ የጌታውን ጠመንጃ ተሸክሞ የሚከተል ሰው ነው። አሁን ጌታውም የለም፣ ጠመንጃውም የለም። ባቡር ይቆምበታል።

ዳዊት፦ ላንቻ የጣሊያን መኪና ስም ነው። ንፋስ ስልክ ደግሞ ሽቦ የሌለው ስልክ፣ ሬዲዮ ማለት ነው ይላሉ። ድምፁ በንፋስ ስለሚሄድ። እንዴት ያለ አማርኛ ነው!

ማህሌት፦ ዛሬ ቢሆን «ዋየርለስ» ብለነው እናልፋለን።

ዳዊት፦ በሰሜን በኩልም እንደዚሁ ነው። ጎጃም በረንዳ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ሰባተኛ፣ አብነት፣ ዳርማር። ዳርማር የጫማ ፋብሪካው ስም ነው። አትክልት ተራን እይ። ገበያው በኮሮና ጊዜ ጃን ሜዳ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ኃይሌ ጋርመንት። ጣቢያው ግን አሁንም አትክልት ተራ ነው። አንድ ቲማቲም ሳይኖር።

ማህሌት፦ ፒያሳም ብዙው ፈርሷል፣ ስሙ ግን አለ።

ዳዊት፦ እዚያው ፒያሳ ሌላም ነገር አለ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ትዝ ይልሻል? ለዚህ ባቡር ግንባታ ሲባል በ2005 ከቦታው ተነስቶ ነበር። ሰው ምን ያህል እንደተቆጣ! ጣሊያን በ1928 የረሸናቸውን አባት ደግሞ እኛ ነቀልናቸው እያለ። ብሔራዊ ሙዚየም ቆይቶ በ2008 ተመለሰ።

ማህሌት፦ ባቡሩ ሥራ በጀመረበት ዓመት ማለት ነው።

ዳዊት፦ አዎ። ሰማያዊው መስመር የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ነው፣ እሁድ ቀን። አረንጓዴው ጥቅምት 29። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ተሳፍሬያለሁ። ሰው ለሽርሽር ነበር የሚሳፈረው፤ ከነልጁ፣ ከነፎቶ ማንሻው። ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። እኛ ሰፈር አንድ አባባ ነበሩ፣ በ6 ብር ጫፍ ይሄዱና በ6 ብር ይመለሳሉ። «በ12 ብር አገር አየሁ» ይሉ ነበር።

ማህሌት፦ እኚያ አባባ ከእኔ ቀድመዋል።

ዳዊት፦ 475 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ነው፣ አብዛኛው የቻይና ብድር። 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር። ባቡሮቹ ሁሉ ግን አይሰሩም፤ መለዋወጫ እየጠፋ ብዙዎቹ ቆመዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የምናየው መጨናነቅ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። እሱን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ወደ ጉዞሽ እንመለስ።

ማህሌት፦ እንመለስ። ከመሿለኪያ በኋላ ከተማው ይቀየራል። መስታወት ሕንፃው እየሳሳ ይሄድና ጋራዥ፣ መጋዘን፣ የፋብሪካ አጥር ይመጣል። ከባድ መኪና ተደርድሮ። እና ለምንድነው ፋብሪካው ሁሉ በዚህ በኩል የሆነው ብዬ አሰብኩ።

ዳዊት፦ ይሄን እኔ ልመልስ፣ እወደዋለሁ። ምድር ባቡር ነው። የድሮው የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። የሚመጣው ደግሞ በአቃቂ በኩል ነው። ከወደብ ዕቃ የሚጭነው፣ ጥጥ የሚያወርደው ሁሉ ሐዲዱ አጠገብ ቦታ ያዘ። አቃቂ፣ ቃሊቲ፣ ሳሪስ፣ ንፋስ ስልክ እንደዚያ ነው የኢንዱስትሪ ሰፈር የሆኑት። ሠራተኛው መጣ፣ ለሠራተኛው ቤት ተሠራ፣ ምግብ ቤት ተከፈተ። አንቺ ማክሰኞ የሄድሽው የድሮውን ባቡር መንገድ ተከትለሽ ነው ማለት ይቻላል።

ማህሌት፦ ተሳስቼ!

ዳዊት፦ ተሳስተሽ። ለገሃርን አስቢው እስቲ። ስሙ ራሱ የፈረንሳዮች «ላ ጋር» ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት። እኛ አፋችን ላይ አሽተን ለገሃር አደረግነው። አሁን የቀላል ባቡሩ ጣቢያም ለገሃር ይባላል። ሲተረጎም ጣቢያው «ጣቢያ» ነው ማለት ነው።

ማህሌት፦ (ሳቅ) የድሮው ሕንፃ እኮ አሁንም ቆሟል።

ዳዊት፦ በ1922 የተመረቀው ነው። ፊት ለፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አለ። ጣሊያን ሮም ድረስ ወስዶት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የተመለሰው። የባቡር አንበሳ ካነሳን ደግሞ ሌላ ልንገርሽ። ሜክሲኮ አደባባይ ለምን ሜክሲኮ እንደተባለ ታውቂያለሽ?

ማህሌት፦ የሜክሲኮ መንግሥት በወረራው ጊዜ ከጎናችን ስለቆመ።

ዳዊት፦ አዎ፣ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። እነሱም በፋንታቸው ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ የኢትዮጵያ አደባባይ አላቸው። የምድር ውስጥ ባቡራቸው 3ኛው መስመር ላይ «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ አለ። ምልክቱ ምን ይመስልሻል?

ማህሌት፦ አንበሳ እንዳትለኝ!

ዳዊት፦ የአንበሳ ራስ። አንቺ ሜክሲኮ ቆመሽ ባቡር ስትጠብቂ፣ እዚያ ደግሞ አንዱ ኢትዮጵያ ቆሞ ይጠብቃል።

ማህሌት፦ እሱም ስልኩን እያየ የተሳሳተ ባቡር ውስጥ ይገባል።

ዳዊት፦ (ሳቅ) የሰው ነገር አንድ ነው።

ማህሌት፦ እሺ፣ አሁን የኔን ስማ። ከጎኔ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ምሳ ዕቃ አለ። ቋጠሮውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፣ እንዳይዘነብል። «እማማ፣ ላግዝዎት?» አልኳቸው። «ተዪው ልጄ፣ ለምጄዋለሁ» አሉኝ። ቃሊቲ ነው የሚወርዱት። ስንቅ ነው። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ዝም አልን ሁለታችንም። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው «ዶሮ አልሆነልኝም፣ ሽሮ ነው» አሉኝ።

ዳዊት፦ ወይኔ!

ማህሌት፦ እሱን ሰምቼ ስለ ስህተቴ ማማረር አቆምኩ። ከዚያ ጨዋታ ጀመርን። ስለ ባቡሩ የማላውቀውን የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። «ዛሬ ቀላል ነው፣ አቦ ሲሆን ግን መቆሚያም አታገኚ» አሉኝ።

ዳዊት፦ በ5?

ማህሌት፦ ወር በገባ በ5። ሳሪስ አቦ። ባቡሩ ነጭ በነጭ ይሆናል አሉኝ። ነጠላ በነጠላ። ከዚያ እኔ ጣቢያዎቹን መቁጠር ጀመርኩ። ልደታ በ1። አቦ በ5። ሲኤምሲ ጋ ያለው ሚካኤል በ12። ኡራኤል በ22። ምኒልክ አደባባይ ስትወርድ ጊዮርጊስ፣ በ23። ይሄ ባቡር የሚሞላው በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ሌላ ሰሌዳ አለው!

ዳዊት፦ ይሄ ግሩም ነገር ነው። እኔ አያት አካባቢ ነው የምኖረው፣ በ12 ጠዋት ሁልጊዜ ለምን እንደሚጨናነቅ እየገረመኝ ሳስብ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳን ከሚካኤል ጋር አላገናኘሁትም።

ማህሌት፦ እናትህ ይሄን ባይሰሙ ይሻላል።

ዳዊት፦ ይሰማሉ፣ እሷ ናት ዋነኛዋ አድማጫችን። እማዬ፣ ይቅርታ። የአያቱ መስመር ግን ሌላ ዓይነት ነው። ከመገናኛ በኋላ ሐዲዱ መሬት ላይ ነው፣ በአጥር ታጥሮ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል። ጎረቤትሽ የነበረው ሱቅ ማዶ ይቀራል፣ ለመሻገር ትዞሪያለሽ። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ለዳቦ ስል ሃያ ደቂቃ እዞር ነበር። አያት ወርደሽ ደግሞ ጉዞው አላለቀም። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚሄደው፣ ጣፎ የሚሄደው ገና ታክሲ ሰልፍ ይይዛል። ድሮ ፒያሳና ካዛንቺስ የነበረ ሰው ነው ብዙው። ሥራው፣ ዕድሩ፣ ደንበኛው መሀል ከተማ ቀርቷል። ስለዚህ በየቀኑ ይመላለሳል።

ማህሌት፦ በእኔ በኩልም ከቃሊቲ አቃቂ የሚቀጥለው ብዙ ነው።

ዳዊት፦ ትኬትሽስ? የቆረጥሽው ለመገናኛ ነው።

ማህሌት፦ ለተቆጣጣሪው «ተሳስቼ ነው» አልኩት። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለኝ። ከፈልኩ። ምን ልበል?

ዳዊት፦ ቃሊቲ ወርደሽ ምን አደረግሽ?

ማህሌት፦ እማማን እስከ ታክሲው ሸኘኋቸው። ቋጠሮውን ያኔ ሰጡኝ፣ ደረጃውን እስኪወርዱ። ከዚያ ጀበና ቡና ጠጣሁ። የከባድ መኪና ሾፌሮች ክብ ሠርተው የተቀመጡበት ቦታ ነው፣ ጭስ አለ፣ የናፍጣ ሽታ አለ። ቡናዋን የምታፈላው ልጅ «እህቴ፣ ለማን መጥተሽ ነው?» አለችኝ።

ዳዊት፦ እስረኛ ልትጠይቂ የመጣሽ መስሏት ነው።

ማህሌት፦ አዎ። «ለማንም፣ ባቡር ተሳስቼ ነው» ስላት ሾፌሮቹ ሁሉ ሳቁብኝ። ሁለተኛውን ስኒ ሒሳብ አልተቀበለችኝም።

ዳዊት፦ እኔ መገናኛ ፀሐይ ላይ ቆሜ!

ማህሌት፦ አንተ መገናኛ ፀሐይ ላይ ቆመህ። ለአድማጮቻችን ግን ምክሬ ይሄው ነው፤ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ውጡ፣ ቦርሳችሁን ወደ ፊት ያዙ፣ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሂዱ። በቅዳሜ ይሻላል። እንግዳ ካላችሁ እንግዳችሁንም ውሰዱ። የአክስቴ ልጅ ስትመለስ ከሙዚየሙ በፊት እዚያ ነው የምወስዳት።

ዳዊት፦ እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ከሜክሲኮ ተነስቼ ጦር ኃይሎችን አያለሁ። በዚያ ጫፍ ሄጄ አላውቅም።

ማህሌት፦ አረንጓዴው ነው።

ዳዊት፦ አውቃለሁ።

ማህሌት፦ ሰማያዊው ከገባህ ምኒልክ አደባባይ ነው የምትደርሰው።

ዳዊት፦ አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።

ማህሌት፦ ስልክህን ኪስህ ውስጥ ክተት ብቻ።