የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የሲስተማችን ፓስዎርድ የት ይቀመጥ?

የዛሬዎቹ ደዋዮች ሶፍትዌር የምትሠሩ ናችሁ። ጥያቄዎቹ በሙሉ ስለ ቮልት፣ ማለትም ፓስዎርድና ቁልፍን የመሳሰሉ ምስጢሮችን ስለሚያስቀምጠው ሶፍትዌር፣ እና ስለ መሰሎቹ ናቸው።

ከአዲስ አበባ፦ የዳታቤዛችን ፓስዎርድ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ-ገጽ) ላይ ቆይቷል። ሪፖው (የኮዱ ማከማቻ) ፕራይቬት ነው፤ ፋይሉንም አጥፍተነዋል። ፓስዎርዱን አሁን ቮልት ውስጥ ብናስገባው ይበቃል?

አይበቃም ወንድሜ። መጀመሪያ ፓስዎርዱን ቀይሩት፤ ዛሬውኑ። ፋይሉ ቢጠፋም በድሮዎቹ ኮሚቶች (የተመዘገቡ የኮድ ለውጦች) ውስጥ አለ። ኮዱን የገለበጠ ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይዞታል። ፕራይቬት መሆኑም አያስተማምንም። በ2016 ኡበር ላይ የደረሰው ይኸው ነው፦ ሰርጎ ገቦች የመሐንዲሶቹ ፕራይቬት ሪፖ ውስጥ የአማዞን ክላውድ ቁልፍ አገኙ። በዚያ ቁልፍ የ57 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ ወሰዱ።

አዲሱን ፓስዎርድ ቮልት ውስጥ ስታስገቡ ደግሞ ኮማንዱ ላይ አትጻፉት። የተርሚናሉ ሂስትሪ (የተጻፉ ትእዛዞች መዝገብ) ውስጥ ይቀራል። ከፋይል እንዲያነብ አድርጉ፤ ከዚያ ፋይሉን አጥፉት።

ከሐዋሳ፦ ቮልት ውስጥ አንድ ፓዝ (የምስጢሩ አድራሻ) ላይ የዩዘር ስምና ፓስዎርድ ነበረኝ። ፓስዎርዱን ብቻ ልቀይር ብዬ «ፑት» የሚለውን ትእዛዝ ስሰጥ የዩዘሩ ስም ጠፋ። ይመለስልኛል?

እህቴ፣ «ፑት» እዚያ ፓዝ ላይ የነበረውን በሙሉ ነው የሚተካው። አንዱን ብቻ ለመቀየር «ፓች» አለ። የምትጠቀሚው ኬቪ (የቮልት ምስጢር ማስቀመጫ ክፍል) ቨርዥን 2 ከሆነ አትጨነቂ፤ ካልተቀየረ በቀር የመጨረሻዎቹን 10 ቅጂዎች ይይዛል። የቀድሞውን በቁጥሩ ጠርተሽ አንብቢው፣ ከዚያ የዩዘሩን ስም በ«ፓች» መልሺው። ቨርዥን 1 ከሆነ ግን የድሮው የለም።

እግረ መንገዴን፦ በቨርዥን 2 «ዲሊት» ማለት መደበቅ ነው፤ ይመለሳል። ለዘለዓለም የሚያጠፋው «ዲስትሮይ» ነው። ደግሞም በዚሁ ቨርዥን ፖሊሲ (ማን ምን ማንበብ እንደሚችል የሚወስን ደንብ) ስትጽፊ ፓዙ መሐል «ዳታ» የሚለውን ቃል አትርሺ። ፈቃድ ሰጥቼ ለምን 403 (ተከልክሏል) ይለኛል የሚሉ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚያ ላይ ነው።

ከቨርጂኒያ፦ ቮልትን ለማንበብ ራሱ ቶክን (የመግቢያ ፈቃድ ኮድ) ያስፈልጋል። ታዲያ ያንን ቶክን የት ላስቀምጠው?

ከዛሬዎቹ ሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ቶክኑን ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ከጻፉት የድሮውን ችግር ቦታ ብቻ ቀየሩለት። የቤቱን ቁልፍ በሩ ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው።

መፍትሔው አፕሊኬሽኑ የሚያርፍበት ቦታ ማንነቱን እንዲመሰክርለት ማድረግ ነው። ኩበርኔቲስ (አፕሊኬሽኖችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስተዳድር ሲስተም) ላይ ከሆኑ ለእያንዳንዱ ፖድ (አፕሊኬሽኑ ለሚሠራበት ክፍል) የሰርቪስ አካውንት ቶክን፣ ማለትም መታወቂያ፣ ይሰጠዋል። ፖዱ ያንን ለቮልት ያሳያል። ቮልት ኩበርኔቲስን ጠይቆ ያረጋግጣል፤ ከዚያ የራሱን ጊዜያዊ ቶክን ይሰጠዋል። አማዞን ላይም ሰርቨሩ በተሰጠው የአይኤኤም ሮል (የአማዞን የፈቃድ መታወቂያ) መግባት ይችላል። በሁለቱም መንገድ ሰው የሚጽፈው ፓስዎርድ የለም።

ተራ ሰርቨር ከሆነ አፕሮል የሚባለውን የቮልት መግቢያ ዘዴ ይጠቀሙ። ሁለት ነገር አለው፦ ሮል አይዲ (እንደ ዩዘር ስም) እና ሲክሬት አይዲ (እንደ ፓስዎርድ)። ሁለቱን በአንድ መንገድ አይላኩ። ሲክሬት አይዲው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራና ቶሎ የሚያበቃ ይሁን፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ከተጠቀመበት አፕሊኬሽኑ መግባት ያቅተዋል፣ እርስዎም ያውቃሉ።

የቶክኑን ዕድሜም ያሳጥሩት። ካልነኩት በቀር የቮልት ጣሪያ 768 ሰዓት፣ ማለትም 32 ቀን ነው። ለአንድ አፕሊኬሽን ይህ በጣም ረጅም ነው፤ አንድ ሰዓት አድርገው እያደሱት ይቀጥል። ፖሊሲውም የራሱን ፓዝ ብቻ እንዲያነብ ይፍቀድለት። ሩት ቶክን (ሁሉን የሚያስችለው) ለአፕሊኬሽን በፍጹም አይሰጥም።

ከመቀሌ፦ ኩበርኔቲስ ሲክሬት የሚባል የራሱ የምስጢር ማስቀመጫ አለው። ቮልት ምን ያደርግልኛል?

ለትንሽ ሥራ የኩበርኔቲሱ ሊበቃ ይችላል። ግን ሲክሬቱ የሚጻፍበት ቤዝ64 ምስጠራ አይደለም፤ ማንም መልሶ ያነበዋል። ኢቲሲዲ (የኩበርኔቲስ ዳታቤዝ) ላይ ምስጠራውን ራስህ አብራው፣ ሲክሬት ማንበብ የሚችለውንም ሰው ለይተህ ወስን። ማን መቼ አነበበ የሚል መዝገብና የቅጂዎች ታሪክ ስትፈልግ ያን ጊዜ ወደ ቮልት ሂድ።