ሰም የታሸገበት ማቀዝቀዣ ውኃ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ ከድሬዳዋ ሰፈሮችና ከሐረር የተደወሉት ጥያቄዎች ማቀዝቀዣ ውኃ ውስጥ ስለሚጨመሩ፣ ሲቀልጥ ሙቀት የሚውጥ ሰም ስለታሸገባቸው ደቃቅ እንክብሎች ናቸው።

ከሳቢያን፦ ለፕላስቲክ ማሽናችን ማቀዝቀዣ ብንጠቀምበት ውኃው ስንት እጥፍ ሙቀት ይሸከማል?

የሚወስነው ውኃው ገብቶ እስኪወጣ በስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ ነው። አንድ ኪሎ ውኃ በ6 ዲግሪ ሲሞቅ 25 ኪሎጁል (የሙቀት መጠን መለኪያ) ገደማ ይይዛል። ከኪሎው 200 ግራሙ እንክብል ቢሆን፣ ቅርፊቱ ተቀንሶ 160 ግራም ያህል ሰም ይገኛል። ኦክታዴኬን የሚባለው ፓራፊን (የሰም ዓይነት) በ28 ዲግሪ ሲቀልጥ በኪሎ 240 ኪሎጁል ገደማ ስለሚውጥ፣ ሰሙ ብቻ 38 ይጨምራል፤ ውኃው ራሱ ወደ 800 ግራም ስለወረደ ድምሩ 60 ይጠጋል። ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ልዩነቱ 20 ዲግሪ ከሆነ ግን ተራው ውኃ 84፣ ድብልቁ 113 ገደማ ይይዛል። ለሲሶ ትርፍ ይህን ጣጣ አንመክርም። መጠኑን ከ20 በመቶ በላይ ማሳደግም ድብልቁን ያወፍረዋል፤ ትርፉን ፓምፑ ይበላዋል።

ከከዚራ፦ ቀን የቀለጠው ሌሊት በአየር ብቻ ይረጋልናል?

የ28 ዲግሪው ከሆነ ድሬዳዋ ላይ አይተማመኑበት። ይኸው ሰም በጣሳ ሙሉ ሲሆን እዚያው 28 አካባቢ ይረጋል። በማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ሲከፋፈል ግን መርጋቱን የሚያስጀምር ጉድፍ በየእንክብሉ ስለማይገኝ፣ በ10 ዲግሪ ያህል ወርዶ 18 ገደማ ቢደርስም ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። የግንቦት ሌሊታችን እስከዚያ አይበርድም፤ የሐረር ሰዎች በዚህ ይቀኑብናል አንልም። ሲገዙ የሚቀልጥበትን ብቻ ሳይሆን የሚረጋበትንም ዲግሪ ይጠይቁ። ማሽኑ ሞቅ ያለ ውኃ ከቻለ በ37 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጠው፣ ኤይኮሴን የሚባለው ፓራፊን ይሻላል።

ከመጋላ፦ ሻማ አቅልጬ ብጨምርስ?

አይሆንም፤ ያልታሸገ ሰም ቧንቧ ይዘጋል።

ከሐረር፦ ለሙከራ የምናዞረው ድብልቅ ላዩ ላይ ነጭ ነገር አወጣ፤ ተበላሸ ማለት ነው?

በብርጭቆ ቀድተው ያሳድሩት። እንደ ስልባቦት ተንሳፎ፣ ሲያማስሉት ተመልሶ ወተት ከመሰለ እንክብሉ ደህና ነው፤ ከውኃ ስለሚቀል ነው የወጣው። ከ28 ዲግሪ በላይ ሞቅ ሲያደርጉት እንደ ወጥ ቅባት ዓይን ካወጣ ግን ቅርፊቱ ተሰብሮ ሰሙ አምልጧል። ያመለጠው በቀዝቃዛው የቧንቧ ግድግዳ ላይ ይጋገርና ሙቀት እንዳያልፍ ይጋርዳል። ብዙ ጊዜ ሰባሪው በፍጥነት የሚሽከረከረው ፓምፕና በግማሽ የተዘጋ ቫልቭ ነው፤ ቀድመው የሚፈርሱትም ትልልቆቹ ናቸው። ከ20 ማይክሮን በታች የሆነ እንክብል ይምረጡ፣ ቫልቩን ሙሉ ከፍተው ፍሰቱን በፓምፑ ፍጥነት ይቆጣጠሩ።