የከሰሉ ዕድሜ ለባለቤቱ ይነገር

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ ከየክልሉና ከየወረዳው የመጣችሁ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች፣ የሙዚየም ሠራተኞችና አስጎብኚዎች፣ አባቶች ካህናት፣ የአርኪዮሎጂ መምህራንና ተማሪዎች፤

የዘንድሮውን ጉባኤ በንግግር እንድከፍት ስትጋብዙኝ የሰጣችሁኝ ርእስ ራዲዮካርቦን፣ ማለትም በካርቦን 14 ዕድሜ የመለኪያ ዘዴ፣ በኢትዮጵያ የቁፋሮ ቦታዎች ላይ ያበረከተውን አገልግሎት እንዳስረዳ የሚጠይቅ ነበር። ርእሱ ሰፊ ነው፤ አብዛኞቻችሁም በአንድ ጉድጓድ አቧራ አብረን የጠጣን፣ በአንድ ድንኳን ያደርን ሰዎች ስለሆናችሁ የምታውቁትን በመደጋገም አላደክማችሁም። ስለ አሠራሩ ጥቂት እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዘመኔን ሁሉ በሆዴ ይዤው የቆየሁትን አንድ ጉዳይ እናገራለሁ። እርሱም ከዚህ አገር አፈር የወጣ ናሙና ዕድሜው በውጭ አገር ተለክቶ ከታወቀ በኋላ ውጤቱ ወደ ወጣበት ቦታ፣ ሙሉ ሆኖና በሚነበብ ቋንቋ ተጽፎ አለመመለሱ ነው።

ከሕዋ የሚመጣው ጨረር በላይኛው ከባቢ አየር ከናይትሮጅን ጋር ሲጋጭ ካርቦን 14 ይፈጠራል። ይህ ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በአየሩ ይሰራጫል፤ ተክል ምግቡን ሲያዘጋጅ ይወስደዋል፤ እንስሳና ሰውም ተክሉን ሲበሉ ይካፈሉታል። ሲሞቱ መቀበሉ ይቆማል፤ በውስጣቸው የቀረውም በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የቀረውን የለካ ሰው ተክሉ ወይም እንስሳው ከሞተ ምን ያህል ዘመን እንዳለፈ ማስላት ይችላል። ከ50,000 ዓመት ወዲያ ግን የሚቀረው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ዘዴው ያቆማል። ድንቅነሽ በካርቦን ተለካች ሲባል የምትሰሙ አስጎብኚዎች ካላችሁ እባካችሁ አርሙ፤ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜዋ የታወቀው በሐዳር ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ፣ አርጎን የተባለውን ጋዝ በመለካት ነው።

ዘዴውን ያበጀው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዊላርድ ሊቢ ነው። ከባልደረባው ጋር የመጀመሪያዎቹን ውጤቶች በ1949 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ በ1960 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዘዴው እውነት መናገሩን ለመፈተን ዕድሜያቸው አስቀድሞ በታሪክ የታወቀ ዕቃዎች ያስፈልጉት ነበርና በናሙናዎቹ መዝገብ አንደኛ ቁጥር የያዘው በግብፅ፣ በሳቃራ፣ ከፈርዖን ጆሰር መቃብር የተወሰደ የግራር እንጨት ነበር። የዚህ ሳይንስ የመጀመሪያ መፈተኛ የአፍሪካ ግራር ነው ማለት ነው። ይህን የምላችሁ ለኩራት ብቻ አይደለም። አፍሪካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለዚህ ሙያ ናሙና ስትሰጥ መኖሯን እንድታስቡልኝ ነው።

ይህ ዘዴ ለእኛ ምን እንዳደረገልን ለማሳየት ብዙ ቦታ መጥራት እችል ነበር፤ በአንዱ ላይ ግን ልቆይ። ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙትን ወንጌሎች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የገዳሙ አባቶች ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን እንደጻፉት፣ ጽፈው እስኪጨርሱም ፀሐይ እንደቆመችላቸው ሲናገሩ ኖረዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፎቹን የመረመሩ የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ግን በሥዕሎቹ ስልት ተመርተው ዘመናቸውን ወደ 1100 እ.ኤ.አ. አካባቢ ዝቅ አደረጉት። ይህ ግምት ለብዙ ዓመታት እንደተረጋገጠ ነገር ተጠቀሰ፤ የአባቶች ቃልም እንደ ደግ ተረት ተቆጥሮ ወደ ጎን ተተወ። ከዚያ ከብራናው የተገኙ ጥቃቅን ቁርጥራጮች በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተለኩ፤ ውጤቱም ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን ውስጥ ወደቀ። የግማሽ ሺህ ዓመት ልዩነት ነው! መጽሐፎቹ እስከ ዛሬ ከቆዩት ሥዕል ያላቸው የክርስቲያን ወንጌሎች ሁሉ ከቀደምቶቹ መካከል መሆናቸው ታወቀ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አባቶቼም በዚህ እንደማይቀየሙኝ አውቃለሁ። የተለካው ቆዳው ነው። ካርቦኑ የሚናገረው ብራናው የተፋቀበት እንስሳ የሞተበትን ዘመን እንጂ ቀለሙ የፈሰሰበትን ዕለት፣ የጸሐፊውን ስም ወይም ጽሕፈቱ የፈጀውን ጊዜ አይደለም። ውጤቱ ከገዳሙ ትውፊት ጋር የሚስማማ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ትውፊቱን በሙሉ አረጋገጠ ማለት ግን ሌላ ነው። ይህን ልዩነት ለይቶ መናገር የሚችለው ምን እንደተለካ፣ ከየትኛው ቅጠል እንደተወሰደና የውጤቱ ስፋት ምን ያህል እንደሆነ በእጁ ያለው ሰው ብቻ ነው። ቁጥሩን ከጋዜጣ አርእስት የሰማ ሰው ግን ሳያመዛዝን ወይ ያጋንናል ወይ ያጣጥላል። ወደ ቅሬታዬ የሚወስደኝም ይህ ነው።

ወጣት ሳለሁ በደጋ አገር በአንድ የቁፋሮ ቦታ ላይ እሠራ ነበር። የቦታውን ስምና የቡድኑን ማንነት አልጠራም። ጉድጓዱ የተከፈተው በአንድ አዛውንት ገበሬ ማሳ ዳር ነበር። እኚህ አባት ቀን ቀን አፈር ሲያነፉ ይውላሉ፣ ሌሊት ደግሞ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጉድጓዱን ይጠብቃሉ። አንድ ቀን የአፈሩ መልክ መለወጡን ከማናችንም በፊት ያዩት እርሳቸው ናቸው፤ «ይሄ እኮ ምድጃ ነው፤ ጉልቻው የት ሄዶ ነው?» አሉ። ዙሪያውን በብሩሽ ስንጠርግ በእርግጥ የተቃጠለ አፈር፣ አመድና ከአመዱ ሥር የከሰለ እህል ወጣ። የቡድኑ መሪ በደስታ ዘለለ። ከሰሉ በእጅ ሳይነካ በመቆንጠጫ ተነሥቶ በፎይል ተጠቀለለ፣ ቁጥር ተጻፈበት፣ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ አዛውንቱም ከጎኑ ቆመው ተነሡ። በዚያ ምሽት ስለ ካርቦን ሳስረዳቸው በጸጥታ ሰሙኝና፣ «እንግዲህ ያ እሳት የነደደበትን ዘመን ትነግሩናላችኋ» አሉ። እንነግርዎታለን አልኋቸው፤ የቡድኑ መሪም በአስተርጓሚ ቃል ገባላቸው።

ናሙናው በፈቃድ ከአገር ወጣ፤ ተለካ፤ ውጤቱም ታወቀ። እኔ ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ፣ በውጭ ቋንቋ በሚታተምና ያለ ክፍያ በማይነበብ መጽሔት ውስጥ፣ በአንድ ሠንጠረዥ አንዲት መስመር ሆኖ ነው። ለወረዳው ጽሕፈት ቤት የተላከ ወረቀት አልነበረም። በአካባቢው ባለው ትምህርት ቤት የሚያውቅ መምህር አልነበረም። እኚያን አባት በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ባገኘኋቸው ቁጥር፣ «ልጄ፣ ያ ከሰል ምን አለ?» ይሉኝ ነበር። መጽሔቱን አግኝቼ፣ ትርጉሙን በአማርኛ ጽፌ ወደ መንደራቸው በሄድሁበት ጊዜ አርፈው አገኘኋቸው። ወረቀቱን ለልጃቸው ሰጠሁ።

ይህን የምነግራችሁ ለአንድ ሰው እንድታዝኑ አይደለም፤ አሠራሩ ይህ ስለሆነ ነው። ምድጃውን ያገኘው ገበሬ ነው፤ ማሳውን የሰጠው ገበሬ ነው፤ ሌሊት የጠበቀው ገበሬ ነው! በትግራይ ከጥንታዊቷ ከየሓ አጠገብ ያለውን የቤተ ሳማቲን ጉብታ ለተመራማሪዎች ያመለከቱት ማን ናቸው? የአካባቢው ነዋሪዎች አይደሉምን? ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደረገው ቁፋሮ ከ750 ዓመት ቅድመ ልደት አንሥቶ እስከ 650 እ.ኤ.አ. ድረስ ሰው እንደኖረበት፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመንም ባዚሊካ የሚባል ቤተ ክርስቲያን እንደተሠራበት በራዲዮካርቦን ጭምር የታወቀው ቦታ በሕዝብ ጥቆማ የተገኘ ነው። ጠቋሚው ሕዝብ ሆኖ ሳለ ውጤቱ የሚነገረው ለሌላ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ናሙናውን ለማውጣት ማኅተምና ፊርማ እንጠይቃለን፤ ውጤቱን ለማስመለስ ግን አንድ ደብዳቤ እንኳ አንጽፍም። የውጭ ቡድኖችን ብቻ አልወቅስም፤ ይህ ዝምታ የእኛ የቢሮዎቻችንና የትምህርት ክፍሎቻችን ዝምታም ነው።

«ውጤቱ ይመለስ» ስል አንዲት ቁጥር ትላክ ማለቴ አይደለም። ብቻዋን የመጣች ቁጥር ታሳስታለች፤ በሰሜን ኢትዮጵያ ይልቁንም ታሳስታለች። በአየሩ ያለው የካርቦን 14 መጠን በየዘመኑ ስለሚለዋወጥ ጥሬው ልኬት በዛፍ ቀለበቶችና በሌሎች መዛግብት በተሠራ ማስተካከያ ኩርባ መታረም አለበት። ይህ ኩርባ ከ800 እስከ 400 ቅድመ ልደት ባለው ጊዜ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ያ ጊዜ ደግሞ የየሓ ዘመን ነው! ጥሬ ዕድሜው 2,450 ዓመት ገደማ ሆኖ የተለካ ከሰል ከ750 እስከ 410 ቅድመ ልደት ባለው ዘመን የትም ሊወድቅ ይችላል። አሥር ትውልድ የሚያህል ስፋት ነው። እንዲህ ያለውን ስፋት ማጥበብ የሚቻለው ከተለያዩ የአፈር ንብርብሮች በቅደም ተከተል ብዙ ናሙና በመውሰድ እንጂ አንዲት ፍም በመለካት አይደለም። «ከዛሬ 2,450 ዓመት በፊት» ብሎ በሰሌዳ ላይ የጻፈ ሙዚየም ያልታረመ ቁጥር እንደ ታሪክ አስነብቧል ማለት ነው። በዚያ ላይ በዚህ ሙያ «ዛሬ» የሚባለው 1950 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1942 ዓ.ም.። ይህን ሳይገልጹ መጻፍ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. እና ዓ.ም. ማደባለቅ በየብሮሹሮቻችን የተለመደ ሆኗል።

የተለካው ነገር ምንነትም አብሮ መምጣት አለበት። የቤት ጣሪያ የተሸከመ የጽድ ወጋግራ ከተለካ፣ ጽድ ብዙ ዘመን የሚኖር፣ ከአሮጌ ቤት ፈርሶ ለአዲስ ቤት የሚያገለግል እንጨት ስለሆነ ውጤቱ ከሕንፃው ዕድሜ በመቶ ዓመታት ሊቀድም ይችላል። በየሓ ግራት በዓል ገብሪ በሚባለው ታላቅ ሕንፃ ግንብ ውስጥ የተገኘው እንጨት ተለክቶ ዘመኑ ወደ 800 ቅድመ ልደት አካባቢ ሲነገር፣ ሰሚው እንጨት መለካቱን ማወቅ ይገባዋል። የከሰለ ገብስ ወይም ጤፍ ግን የአንድ መከር ፍሬ ስለሆነ የበቀለበትን ዘመን ይመሰክራል። ቀድሞ ልኬቱ በርካታ ግራም ከሰል ይፈልግ ነበር፤ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ አቶሞቹን ራሳቸውን የሚቆጥሩ መሣሪያዎች ስለመጡ አንድ የገብስ ፍሬ ይበቃል። ስለዚህ ናሙናው ምን እንደነበር ሳይጠቅስ ዘመን የሚነግረንን ሪፖርት መቀበል የለብንም።

ወደ ደቡብ ብንሄድ የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች እናገኛለን። ድንጋይ በካርቦን አይለካም፤ የሚለካው ድንጋዩ በቆመበት አፈር ውስጥ የተገኘው ከሰል ነው። በዚያው በጌዴኦ፣ በሳካሮ ሶዶ፣ ተመራማሪው አሸናፊ ዜናና ባልደረቦቹ ያደረጉት ጥናት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. እንደታተመው፣ ቀደምቶቹ ድንጋዮች በ1ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ሳይቆሙ እንዳልቀረ አመለከተ። ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተደረገው ሙከራ 1100 እ.ኤ.አ. አካባቢ ይል ነበር። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የጌዴኦ ልጅ የአያቶቹ ድንጋይ ዘመን በሺህ ዓመት መቅደሙን በትምህርት ቤቱ፣ በቋንቋው ሊማረው ይገባል፤ ይህ መብቱ ነው!

ስለ ቤተ ሙከራ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። የሴኔጋሉ ምሁር ሼክ አንታ ዲዮፕ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዳካር የራዲዮካርቦን ቤተ ሙከራ አቋቁመው ነበር፤ ዛሬ በጆሃንስበርግ አቶም ቆጣሪው መሣሪያ ይሠራል። እኛም ቢያንስ ናሙና አጽድቶ የሚያዘጋጅ ክፍል ልናቋቁም እንችላለን። የዛፍ ቀለበት ጥናትም ሊበረታታ ይገባል፤ አገራችን የሰሜኑና የደቡቡ ንፍቀ ክበብ አየር በየወቅቱ የሚገናኝበት ቀጠና ላይ ስላለች ለሁለቱ ንፍቀ ክበቦች ከተሠሩት ማስተካከያ ኩርባዎች የትኛው እንደሚስማማን ለማወቅ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቆሙት ጽዶች ሳይቆረጡ ሊመረመሩ ይችላሉ።

አሁን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በሚሰጠው የቁፋሮ ፈቃድ ላይ አንድ ግዴታ እንዲጨመር ጉባኤው ለሚመለከተው አካል እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ። ከአገር የወጣ ናሙና ሁሉ ውጤቱ በታወቀ በአንድ ዓመት ውስጥ የቤተ ሙከራ ቁጥሩ፣ የተገኘበት ንብርብር፣ የተለካው ነገር ዓይነት፣ ጥሬው ልኬት ከነስሕተት ወሰኑና የታረመው ዘመን ከነስፋቱ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና በአቅራቢያው ላለ ትምህርት ቤት ይሰጥ፤ ይህን ያላደረገ ቡድን፣ የአገር ውስጥም ይሁን የውጭ፣ ቀጣይ ፈቃዱ አይታደስለት። ረቂቁ በጉባኤው ጸሐፊ እጅ አለ፤ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ስብሰባ ላይ እንድትመክሩበትና ድምፅ እንድትሰጡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።