መንገዱ በየት ይለፍ? በትራክ ሹፌሮች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ያደረግሁት የመክፈቻ ንግግር

እንደምን አደራችሁ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከሳክራሜንቶ ሌሊቱን ስትነዱ አድራችሁ የደረሳችሁ አላችሁ፤ ቤከርስፊልድ ሎድ (ጭነት) አራግፋችሁ ቤት ሳትገቡ በቀጥታ የመጣችሁም አላችሁ። እግዜር ይስጥልን። አዳራሹን ላሰናዱልን፣ ከማለዳ ጀምረው ቡና ለሚያፈሉልን ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። መሥራች አባቶቻችን ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ሳያችሁ ደስ ብሎኛል። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ማመስገን ነበረብኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዛሬ ሆዴን የሞላው ሌላ ጉዳይ ነው።

የዓመቱ ሥራ በአጭሩ ይኸው። ሐዘን ለደረሰባቸው ቤተሰቦች ደርሰናል። ለአዲስ ሹፌሮች የመንጃ ፈቃድ ፈተና ዝግጅት በአማርኛ ሰጥተናል። መንገድ ላይ ለተበላሸበት አባል የሚደወልበት ስልክ አንድም ሌሊት ሳይነሳ አልቀረም፣ በዚህ እኮራለሁ። የመዋጮውን ነገር ገንዘብ ያዣችን በዝርዝር ያቀርባል። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከግማሽ በላይ አባል አልከፈለም።

አሁን ወደ መንገዱ ልግባ።

የዛሬ ዓመት እዚሁ አዳራሽ አንድ ነገር ተስማምተን ነበር። የካሊፎርኒያው የሳን ዋኪን ሸለቆ ስምንቱ ካውንቲዎች የወደፊት የትራንስፖርት ዕቅዳቸውን በየአራት ዓመቱ ያድሳሉ፤ ሲያድሱም የሕዝብ አስተያየት ይቀበላሉ። እኛም መንገድ ላይ ውለን መንገድ ላይ የምናድር ሰዎች ስለሆንን የራሳችንን ሐሳብ በጽሑፍ እናስገባ ተባባልን። ሸለቆው ሌላ ኢንተርስቴት፣ ማለትም የፌዴራል ደረጃ ያለው ፈጣን አውራ ጎዳና፣ ያስፈልገዋል፣ መስመሩም በዚህ በኩል ይሁን የሚል ሐሳብ። አንድ ደብዳቤ ነው። ይኸው አንድ ደብዳቤ ዓመቱን ሙሉ ሆድና ጀርባ አድርጎን ከረመ።

ነገሩን ለአዲስ አባላት ላስረዳ። ሸለቆውን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያቋርጡ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። ኢንተርስቴት 5 በምዕራብ በኩል የተራራውን ግርጌ ይዞ ይሄዳል። ቀጥ ያለ ነው፣ ግን ትልልቆቹ ከተሞች እዚያ የሉም፤ ከተማው፣ ማሸጊያው፣ ማቀዝቀዣ መጋዘኑ በአብዛኛው በሁለተኛው መንገድ፣ በካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና 99 ላይ ነው። ሞዴስቶ፣ መርሴድ፣ ፍሬዝኖ፣ ቤከርስፊልድ በ99 ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድረዋል። ፍሬዝኖ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዞ ኢንተርስቴት በቀጥታ የማይደርሰው የአገሪቱ ትልቁ ከተማ ነው። እዚያ አካባቢ ከ99 ተነስቶ 5ን ለመያዝ ከ40 ማይል በላይ በእርሻ መሀል መንዳት ነው።

ከእኛ አንዱ ወገን፣ በ5 እና በ99 መካከል ሜዳውን ሰንጥቆ የሚሄድ አዲስ መስመር ይቀየስ አለ። ሌላው ወገን ደግሞ የለም፣ 99 ራሱ ተስተካክሎ ኢንተርስቴት ይሁን አለ። 99ን ኢንተርስቴት የማድረግ ሐሳብ ከእኛ አልጀመረም። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ኮንግሬስ ባወጣው የትራንስፖርት ሕግ 99 ቅድሚያ ከሚሰጣቸው መስመሮች ውስጥ ገብቷል፤ ስሙም "ከእርሻ ወደ ገበያ" የሚል ነው። ቁጥሩ 7 ወይስ 9 ይሁን እየተባለ ሲነገር እስከ ዛሬ አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ለአዲሱ መስመር መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ለምን እንዳወጣሁ ሹፌር ይረዳኛል። የቲማቲም ወቅት ነው እንበል። ጠዋት መጫኛው በር ላይ ተሰልፈሃል። አራት ሰዓት ጠበቅህ። ሥራ ከጀመርክ በኋላ ሕጉ የሚፈቅድልህ 14 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ውስጥ መንዳት የምትችለው 11 ብቻ ነው፤ ትራኩ ላይ ያለው ሰዓት መዝጋቢ መሣሪያ ደግሞ ቆመህም ይቆጥራል። ጭነህ ስትወጣ 99 ተጨናንቋል። ፍሬዝኖ ላይ ወደ 99 መግቢያው አጭር ነው፣ 80 ሺህ ፓውንድ ይዘህ ፍጥነት ሳትሰበስብ መስመሩ ያልቅብሃል፣ በግራህ በኩል የሚያልፈው መኪና አያስገባህም፣ በመስታወት ስታይ ከኋላህ ሌላ ትራክ እየመጣ ነው። ያን ጊዜ ሰው ምን ይመኛል? ሰፊ፣ ባዶ፣ አዲስ መንገድ ይመኛል። እኔም ተመኘሁ። አዲሱን መስመር የምትደግፉ ወንድሞቼ ሞኞች አይደላችሁም፤ ይህን እዚህ ቆሜ መናገር ዕዳዬ ነው።

ሐሳቤን የለወጠው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አልሞንድ ልጭን ሄጄ መጫኛው ተበላሽቶ ቆየሁ። ባለ እርሻው፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ስለ መንገድ ሐሳባችን ከሌላ ሹፌር ሰምተው ኖሮ ኑና ላሳይዎት አሉኝ። ዛፎቹ መሀል ገባን። ማሽኑ ግንዱን ይዞ አንቀጥቅጦ አራግፎት መሬቱ በአልሞንድ ተሸፍኗል። በየረድፉ ሥር ጥቁሩ የጠብታ መስኖ ቱቦ ተዘርግቷል። ሰውየው ጎንበስ ብለው አቧራው ላይ በጣታቸው አራት ማዕዘን ሣሉ። በአንዱ ጥግ ነጥብ አደረጉ፤ ይሄ ጉድጓዴ ነው፣ ፓምፑም እዚህ ነው አሉ። ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ አንድ መስመር ጫሩ። አራት ማዕዘኑ ሁለት ሦስት ማዕዘን ሆነ። ውሃው በአንዱ በኩል፣ ከዛፉ ግማሹ በሌላው በኩል ቀረ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

እኔ ዕድሜ ልኬን መንገድን ከትራክ መስታወት ነው የማየው። ከመሬት አይቼው አላውቅም ነበር።

ቤት ገብቼ ማስላት ጀመርኩ። አዲሱ መንገድ ከነዳርቻው 300 ጫማ ብቻ ቢሰፋ በአንድ ማይል 36 ኤከር ይበላል። በመቶ ማይል 3,600 ኤከር ማለት ነው። መግቢያና መውጫው፣ ማሳለጫው ገና አልተቆጠረም። ትራክተር የማይዞርባቸው፣ ውሃ የማይደርሳቸው ሹል ጥጎችም አልተቆጠሩም። ጦም ያደረ መሬት ደግሞ ምን እንደሚያመጣ እናውቃለን። በኅዳር 1991 (እ.ኤ.አ.) ኮዋሊንጋ አጠገብ ኢንተርስቴት 5 ላይ 17 ሰው የሞተው በአቧራ ነው። በድርቅ ምክንያት ሳይታረስ ከቀረ ማሳ ነፋስ ያነሳው አቧራ መንገዱን ሸፍኖት መኪና በመኪና ላይ ተደራረበ። ማሳ ገድለን በመሀሉ መንገድ ብንዘረጋ አቧራው የሚመጣው እኛው ላይ ነው።

ካሳ አለ ትሉኛላችሁ። አለ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የሰው መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተገቢው ዋጋ ይከፈል ይላል። ግን አልሞንድ ተተክሎ ፍሬ እስኪይዝ ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሃያ ምናምን ዓመት የሚሰጠው። ብዙ ገበሬ ደግሞ በ1965 በወጣው የዊሊያምሰን ሕግ መሬቴን ለእርሻ ብቻ አቆየዋለሁ ብሎ ውል ገብቶ የንብረት ግብር የሚቀነስለት ነው። የካሊፎርኒያን ፈጣን ባቡር ታሪክ ደግሞ ሁላችንም እያየን ነው። ሕዝቡ በ2008 ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀው፤ ኪንግስ ካውንቲ ውስጥ መስመሩ ማሳን በሰያፍ ስለሚቆርጥ ገበሬዎቹ በመሬት ጉዳይ ስንት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለሱ። ባቡሩ እስካሁን ሰው አልጫነም።

ሌላም አለ። መሀሉ ሜዳ ነው ብለን በካርታ ላይ ጣታችንን ስንጎትት ቱላሬ ሐይቅን ረስተን ነበር። ሐይቁ ደርቆ እርሻ ከሆነ ቆይቷል። በ2023 ግን ዝናቡና በረዶው ሲበረታ ተመልሶ መጣ፤ ማሳውንም መንገዱንም ዋጠው። እዚያው አካባቢ መሬቱ ራሱ ይሰምጣል፣ የከርሰ ምድር ውሃ ስለሚሳብ። ሜንዶታ አጠገብ ከ1925 እስከ 1977 ድረስ መሬቱ 28 ጫማ ያህል ዝቅ ብሏል። ይህ የሦስት ፎቅ ቤት ከፍታ ገደማ ነው። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ነው ድልድይ ትከሉልን ብለን ልንጽፍ የነበረው።

ይህን ሁሉ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ጻፍኩ። ያገኘሁት መልስ ገበሬ ገዝቶታል የሚል ነው። ይህ ቃል አንገብግቦኛል። የጻፈው ሰው ትራኩ በሌሊት ቆሞበት የደረስኩለት ሰው ነው። ለምን አልተስማማህም ብዬ አልቀየምም፤ ተገዝቷል መባሉ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ እንዳለ ብዬ ዓይኔ ሲፈልገው ነበር። የለም።

በመጋቢት ወር የዕቅድ ባለሥልጣናቱ ሕዝብ ሲያነጋግሩ እንድንሄድ ለሁላችሁም መልእክት ላክሁ። ከማኅበራችን የሄድነው ዘጠኝ ነን። ግሩፑ ላይ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድምፅ እየላኩ ሲከራከሩ ከነበሩት ውስጥ አንድም ሰው አልመጣም። ሥራ ላይ ነበርን ትላላችሁ፣ አምናለሁ። እነዚያ ዘጠኙም ሥራ ነበራቸው። አንዱ ሎድ መልሶ ነው የመጣው። ተናጋሪ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። እህታችን ተነስታ ስለ 99 መግቢያዎች ማጠር ስትናገር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን ጨረሰችው። ኮራሁባት። በዚያው ቅጽበት ባዶዎቹን ወንበሮች አይቼ አዘንኩ።

እዚያ ስብሰባ ላይ የሰማሁትን አንድ ነገርም አልደብቃችሁም፣ ምክንያቱም የእኔንም ሐሳብ ይነካል። በደቡብ ፍሬዝኖ 99 ጥግ የሚኖሩ እናት ተነስተው ልጃቸው አስም እንዳለበት ተናገሩ። መስኮት ከፍተው አያውቁም። የሸለቆው አየር ከአገሪቱ እጅግ የተበከለው ውስጥ ነው፤ ከጭሱም የእኛ ናፍጣ ድርሻ አለበት። 99 ይስፋ ስንል የገበሬውን ማሳ አድነን የእኒያን እናት ቤት እንዳናፈርስ መጠንቀቅ አለብን። ስለዚህ ደብዳቤውን እንደገና ጻፍነው።

አዲሱ ደብዳቤ የሚለው ይህን ነው። አዲስ መስመር በማሳ ላይ አይቀየስ። 99 አሁን በያዘው መሬት ላይ የኢንተርስቴት ደረጃ ይያዝ፤ መግቢያዎቹ ይርዘሙ፣ የዳር መቆሚያው ሙሉውን 10 ጫማ ይሁን፣ በየቦታው ሁለት መስመር የቀረው ሦስት ይሁን። ቤት ባለበት ሰፈር ውስጥ ግን ከማስፋት በፊት ሌላ አማራጭ ይጠና። 99ን ከ5 የሚያገናኙት 152፣ 198 እና 46 ይጠናከሩ፣ ምክንያቱም አዲሱን መስመር ያስመኘን ግማሹ ችግር እነሱ ላይ ነው። ለትራክ ማደሪያ ይሠራ። ጉም ሲወርድ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ይጨመር፤ በኅዳር 2007 ፍሬዝኖ አጠገብ 99 ላይ በጉም 108 መኪና እንደተጋጨ የምታስታውሱ አላችሁ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። የኢንተርስቴት ምልክት ስለተሰቀለ ብቻ ገንዘብ አይዘንብም። በ1956 ሕጉ ሲወጣ ከወጪው 90 በመቶውን የሚሸፍነው ፌዴራል መንግሥት ነበር። ዛሬ ግን ከምንቀዳው ናፍጣ በጋሎን ላይ የሚቆረጠው የፌዴራል ታክስ ከ1993 ጀምሮ እዚያው 24.4 ሳንቲም ላይ ነው፣ አስፋልቱ ግን በ1993 ዋጋ አይነጠፍም። ለዚህ ነው ባለው መንገድ ላይ መጨመር ከባዶ ከመጀመር ይሻላል የምለው።

ደብዳቤው በማኅበሩ ስም እንዲሄድ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ከአባላቱ ግማሽ ሲደመር አንድ መገኘት አለበት። ከመግባቴ በፊት ጸሐፊያችን ቆጥራለች። አሥራ አንድ ሰው ይጎድለናል።

አዲሱን መስመር የምትደግፉም ኑና ተቃወሙ። ብትረቱኝ ፈርሜ የምልከው እኔ ነኝ። ተሸንፌ የተላከ ደብዳቤ ይሻለኛል፤ ሰው አልሞላም ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የቀረውን ግን አልችለውም። አስተያየት የሚቀበሉበት ቀን ደግሞ በሚመጣው ሳምንት ያልቃል።

ስለዚህ ገንዘብ ያዣችን ሒሳቡን ከማቅረቡ በፊት ግማሽ ሰዓት እረፍት እንወጣለን። ቡናው ደርሷል። እያንዳንዳችሁ ስልካችሁን አውጡና እዚህ ለሌለ አንድ ሰው ደውሉ። እኔም ገበሬ ገዝቶታል ላለኝ ወንድሜ እደውላለሁ። ቤቱ ከዚህ ሃያ ደቂቃ ነው፣ መኪና ከሌለው ሄጄ አመጣዋለሁ።