ጥቅምት ዜሮ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለንም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ጉንፋን ይዞኝ ስለሰነበተ ነው። ከጀርባ የሚጮኸው ደግሞ የጎረቤት ዶሮ ነው። ሁለት ጊዜ አቋርጬ እንደገና ቀረጽኩ፤ እሱ ግን አልሰለቸውም። ስለዚህ አብረን እንቀጥላለን።

«ሥራህ ምንድን ነው?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ዌብሳይት እሠራለሁ። ፍሪላንሰር ነኝ። ቢሮ የለኝም፣ አለቃ የለኝም፣ ደሞዝ የሚባል ነገርም የለኝም። ይህን ለእማዬ ሳስረዳት «ታዲያ ሥራ የለኝም አትልም?» ነበር ያለችኝ። ይኸው 6 ዓመት ሆነኝ፤ አሁንም ሰው ሲጠይቃት «ኮምፒውተር ቤት ነው የሚሠራ» ትላለች። የትኛው ቤት እንደሆነ እንጃ።

አሁን የያዝኩት የአንድ ምግብ ቤት ዌብሳይት ነው። ባለቤቱ ደግ ሰው ናቸው። ቀብዱን በዕለቱ ከፈሉ፤ እኛ ሥራ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን «አረንጓዴ ይሁን» ያሉትን ማታ 4 ሰዓት ላይ ደውለው «ቡናማ ብናደርገውስ?» ይላሉ። ቡናማ አደርገዋለሁ። ጠዋት ልጃቸው ታየውና ቡናማው ይደብራታል። ከዚያ ያቺ የማልወዳት ንግግር ትመጣለች፤ «ትንሽ ነገር እኮ ናት፣ አንተን ምን ይከብድሃል?» ፍሪላንሰር የሆነ ሁሉ ይህችን ያውቃታል። ትንሿ ነገር 3 ቀን ትበላለች። ሒሳብ ላይ ግን አትገባም።

የምግብ ዝርዝሩን ደግሞ በፍላሽ ሰጡኝ። ከብዙ ዓመት በፊት በድሮ የግዕዝ መጻፊያ የተተየበ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ኮድ ውስጥ፣ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት መጻፊያዎች ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው፤ በየቢሮውም ብዙ ዘመን ኖረዋል። የዚያ መጻፊያ ፎንት ኮምፒውተሬ ላይ ስለሌለ ክትፎው የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ድብልቅ ሆኖ መጣ። አንድ በአንድ በእጄ ጻፍኩት። እሱም በጾም ወቅት። ዱለት፣ ጥብስ፣ ዶሮ ወጥ እያልኩ ስተይብ ዋልኩ።

ሌላው ደንበኛዬ ሜሪላንድ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ያገሬ ልጅ ነው፣ ግን እዚያ ብዙ ኖሯል። አንድ ጊዜ «3 ሰዓት ላይ እናውራ» አለኝ። እኔ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሸሚዝ ለብሼ፣ ካሜራ ከፍቼ ጠበቅኩ። እሱ ዘንድ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ሰውዬው ተኝቷል። እሱ ያለው የራሱን ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ኖሯል፤ ለእኔ ማታ 4 ሰዓት። ይህንን ገና ሳልለምደው ኖቬምበር መጣና እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ መለሱ። የ7 ሰዓቱ ልዩነት 8 ሆነ። እኛ ሰዓታችንን አንነካም፤ ልዩነቱ ግን እኛ ላይ ይለዋወጣል። አሁን ቀጠሮ ስይዝ «በማን ሰዓት?» ብዬ ነው የምጀምረው።

እሺ። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ስለማይከፈለኝ ሥራ ነው። ሳይድ ፕሮጀክት የምንለው።

ነገሩ የጀመረው በ2015 ክረምት ነው። ሽሮ ሜዳ እማዬ ቤት ቡና እየጠጣን ነበር። የኔታም ነበሩ፤ የእማዬ ሰበካ ደብር ውስጥ ያሉ የቆሎ ተማሪ ያስተማሩ አዛውንት ናቸው። እማዬ ስለ እኔ ታማርራለች፤ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ተደፍቶ፣ ዓይኑን ጨርሶ፣ ምናምን። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «የኔታ፣ ኮምፒውተር እኮ የማያውቀው ነገር የለም» አልኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡና «እስቲ የመጪውን ዓመት ፋሲካ ይንገርህ» አሉኝ።

ስልኬን አወጣሁ። ማርች 31 አለኝ። በእኛ መጋቢት 22 መሆኑ ነው። በኩራት ነገርኳቸው። የኔታ በጣታቸው አንጓ ላይ ትንሽ ቆጠሩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ሁለተኛው ጀበና እንኳ አልፈላም። «ሚያዝያ 27» አሉ። ስልኬ የነገረኝ ለካ የፈረንጆቹን ፋሲካ ነው። ከአንድ ወር በላይ ተሳስቻለሁ። እማዬ ሳቀች። ያቺን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ባሕረ ሐሳብ የሚባለውን፣ ፋሲካና አጽዋማት መቼ እንደሚውሉ የሚወጣበትን ሒሳብ መማር የጀመርኩት እንዲህ ነው። እልህ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። በትውፊት ሒሳቡ የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት የድሜጥሮስ ነው ይባላል። አሳሾቻችን፣ ማለቴ እነ ክሮም፣ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃሉ፤ ዌብሳይት የምንጽፍበትን ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕትን፣ «ኢትዮፒክ» ብላችሁ ብትጠይቁት ዛሬ በእኛ ስንት እንደሆነ ይነግራችኋል። አጽዋማቱን ግን አያውቅም። እነሱን ራሴ መጻፍ ነበረብኝ።

ሒሳቡን ልንገራችሁ። ብዕር ያላችሁ ያዙ፤ መኪና እየነዳችሁ ያላችሁ ተዉት። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትጨምራላችሁ። ለ2018፣ 7518 ይሆናል። ይህ ዓመተ ዓለም ነው። ለ19 ስታካፍሉት 13 ይተርፋል። «አንዱን ለዘመን ተወው» አሉኝ የኔታ፤ 12 ቀረ። ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝታችሁ ለ30 ስታካፍሉ የሚተርፈው አበቅቴ ነው። በ19 አባዝታችሁ ለ30 ስታካፍሉ የሚተርፈው ደግሞ መጥቅዕ። የ2018 አበቅቴ 12፣ መጥቅዑ 18። ሁለቱ ሁልጊዜ ሲደመሩ 30 ናቸው፤ ይህችን በጣም ነው የምወዳት፣ ስህተቴን ወዲያው ታሳብቅብኛለች።

መጥቅዑ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ፣ ማለትም የቆጠራው መነሻ ቀን፣ መስከረም ላይ ይውላል፤ ካነሰ ጥቅምት ላይ። 18 ስለሆነ መስከረም 18። እሑድ ነበር። እያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ የሚባል ቁጥር አለው፤ የእሑድ 7 ነው። 18 እና 7፣ 25። ከመስከረም 4 ወር ስትቆጥሩ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ ማለት ነው። ከዚያ 69 ቀን ቆጥራችሁ ስትወርዱ ሚያዝያ 4 ትደርሳላችሁ። ፋሲካ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እዚህ ጋ እኔ የፕሮግራመር ጥያቄዬን አመጣሁ። «የኔታ፣ ከ14 ቢበልጥ መስከረም፣ ቢያንስ ጥቅምት አሉኝ። ልክ 14 ቢሆንስ?» ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አያድርም። የኔታ ዝም ብለው አዩኝና «14 ወጥቶ አያውቅም» አሉ። እኔ ቤቴ ገብቼ 19ኙንም ወንበር አሰላሁ። 19፣ 8፣ 27፣ 16፣ 5 እያለ ይሄዳል። እውነትም 14 የለም። የማይመጣ ነገር ስለሆነ ማንም ሕግ አላወጣለትም። እኔ ብሆን ኖሮ ለማይመጣ ቁጥር 10 መስመር ኮድ እጽፍ ነበር። ጽፌም ነበር፣ አጠፋሁት።

ቀጥሎ የመጣው ግን አሳፋሪ ነው። በዓላቱን የሚያሰላውን ገጽ ሠርቼ ጨረስኩና ላፕቶፑን ይዤ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ኋላ እያስኬዱኝ ያያሉ። 2010፣ ልክ ነው። 2008፣ ልክ ነው። 2006 ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይህ ምንድን ነው?» ገጼ ላይ «በዓለ መጥቅዕ፦ ጥቅምት 0» ይላል።

ጥቅምት ዜሮ። ኮድ ዓለም ውስጥ ይህ ያን ያህል አያስደነግጥም፤ ጃቫስክሪፕት ራሱ ጃንዋሪን ዜሮኛ ወር ነው የሚላት። የ2006 ወንበር ዜሮ ነው። ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ። ኮምፒውተሩ መጥቅዑንም ዜሮ አለው። በባሕረ ሐሳብ ግን ያን ዓመት አበቅቴው አልቦ፣ ማለትም ባዶ፣ ሲሆን መጥቅዑ 30 ነው፤ መስከረም 30። የሚገርመው ፋሲካው ሚያዝያ 12 ብሎ በትክክል ወጥቷል። ምክንያቱም ጥቅምት ዜሮ ማለት ቀኑን በተርታ ለሚቆጥር ኮድ ከመስከረም 30 ጋር አንድ ነው። ስህተቱ ራሱን ሸፍኖ ነበር። እንዲህ ዓይነት ባግ ነው የሚያስፈራኝ፤ መልሱ ልክ ሆኖ መንገዱ የተሳሳተ።

የኔታ ግን መልሱ ልክ መሆኑ አላረካቸውም። «ጥቅምት ባዶ የሚባል ቀን ከየት አመጣህ? ልጄ፣ በግዕዝ ቁጥር ውስጥ ዜሮ አይተሃል?» እውነታቸውን ነው። ከ፩ ነው የሚጀምረው።

2005 ደግሞ ከዚህ ባሰ። 7505 ለ19 ያለቀሪ ይካፈላል። ዜሮ ላይ አንዱን ለዘመን ስትተዉ ከዜሮ በታች አንድ ትሆናለች፤ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ኔጌቲቭ ቁጥር ሲያካፍል ቀሪውንም ኔጌቲቭ ነው የሚያደርገው። ገጼ ዝም ብሎ ነጭ ሆነ። የኔታ «ቀሪ ሲጠፋ 18 ነው ወንበሩ» አሉኝ። 18 አልኩት፣ መጥቅዑ 12 ወጣ፣ ፋሲካው ሚያዝያ 27 ላይ አረፈ። የዚያን ዓመት ፋሲካ አስታውሰዋለሁ፣ ልክ ነው።

አሁን እያንዳንዱን ለውጥ ሳደርግ የማስኬደው አንድ ፍተሻ አለኝ። የ500 ዓመት ነነዌ ያሰላና ሁሉም ሰኞ መሆኑን ያያል። ለምን ሁልጊዜ ሰኞ እንደሚሆን ለመረዳት አንድ ሌሊት ፈጅቶብኛል። ከመስከረም እስከ ጥር 4 ወር ነው፤ 120 ቀን። 120 ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ተውሳኩ ያቺን አንድ ቀን ቆጥሮ የተሠራ ነው፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6 እያለ ዓርብ 2 ላይ ይደርሳል። የትኛውንም ዕለት አንሡ፤ 120ው እና ተውሳኩ ተደምረው ሰኞ ላይ ይጥሏችኋል። ይህን ያሰበው ሰው ላፕቶፕ አልነበረውም። ይህ ሲገባኝ ከለሊቱ 9 ሰዓት ነበር፤ የምነግረው ሰው አጥቼ በረንዳ ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

ጓደኞቼ «አፕ አድርገው፣ ማስታወቂያ አስገባበት» ይሉኛል። እሑድ ከረንቡላ ስንጫወት ሁልጊዜ ይህችን ያነሷታል፣ በተለይ ሲሸነፉ። አልፈልግም። ሥራዬን እወዳለሁ፤ ዶላሩም ቢሆን ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ጠቅሞኛል፣ አልዋሽም። ግን በደንበኛ ሥራ ሁልጊዜ የማሳድደው የሚሸሽ ነገር ነው። አረንጓዴ ሲሉኝ ቡናማ፣ ቡናማ ሲሉኝ ሌላ። ሲበላሽ ጥፋቱ የእኔ ይሁን የእሳቸው አይታወቅም። እዚህ ግን ከተሳሳትኩ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ደውሎ «ፋሲካን ወደ ረቡዕ ብናመጣትስ?» የሚለኝ የለም። ይህ እንዴት እንደሚያሳርፍ ልነግራችሁ አልችልም።

አንድ ክርክር ብቻ ነው ከየኔታ ጋር ያለኝ፣ የፊደል። መፈለጊያው ላይ ሰው ሆሳእና ብሎ ይጽፋል፣ ሆሣእና ይላል፣ ሆሳዕና ይላል። ሁሉንም እንዲያገኝ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ሀና ሐና ኀን አንድ አድርጌያቸዋለሁ። የኔታ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። በመጨረሻ ተስማማን፤ ሰው እንዳሻው ይፈልግ፣ ገጹ ግን ሁልጊዜ «ሆሣዕና» ብሎ ይመልስለት። በንጉሡ ሠ፣ በዐይኑ ዐ።

ባለፈው ሳምንት ሲያትል ያለችው እህቴ ጻፈችልኝ። ለ2019 ፋሲካ መምጣት ትፈልጋለች፤ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ አሁኑኑ መጠየቅ አለባት። ደስ አለኝ። ይኸው፣ ለዚህ ነው የሠራሁት! ገጼን ከፈትኩ። መጥቅዕ 7፣ ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ፣ ተውሳክ 8፣ ነነዌ የካቲት 15። ፋሲካ ሚያዝያ 24፣ በእነሱ ሜይ 2። ሊንኩንም ጨምሬ ላክሁላት።

«አመሰግናለሁ፣ እማዬ ቅድም ነግራኛለች» ብላ መለሰች።

የ2019 የግድግዳ ካላንደር ገና አልታተመም። ለእማዬ ደወልኩላት። ከየት አመጣሽው አልኳት።

«የኔታን ጠየቅኳቸዋ። ወጥ እያማሰልኩ፣ ስልኩን ሳልዘጋው ነገሩኝ። ያንተው ስንት አለ?»

«ሚያዝያ 24።»

«ጎሽ» አለችኝ። «ልክ ነው።»