በር የሌለው መንገድ
(ለከተማ የእግር ጉዞ አስጎብኚዎች የሥልጠና መዝጊያ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በላይ እናንተ ዛሬ የምትመረቁ ልጆች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

አዘጋጆቹ ስለ እንግዳ አቀባበል እንድናገር ጠይቀውኛል። እሱንማ ከየእናታችሁ ቤት ተምራችሁ መጥታችኋል። እኔ ስለ በር ልናገር።

አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ካለው ጣይቱ ሆቴል ተነስቶ ሀገር ፍቅር ቴአትር ለመድረስ፣ ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ሰው ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። እኔ እንግዳ ይዤ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ቶሞካ ቡና ቤት ገብተን ቡናችንን ቆመን እንጠጣለን፤ ቆሞ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ከማያውቀው ጋር ወሬ ይጀምራል። ወርቅ ቤቶቹ ጋ እንቆማለን። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ስላመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች፣ ስለ ሙዚቃ ባንዳቸውና ስለ ሙዚቀኞቹ ናልባንዲያኖች አወራለሁ። ይህ ሁሉ የሚሆነው የሚገባበት በር ስላለ ነው።

ካዛንቺስ አንድ አዝማሪ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። እንግዳዬ ከዋሽንግተን የመጣ የሀገራችን ልጅ ነው። ዝናብ ስለነበር ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። "በመኪና ብንመጣ ምን ነበረበት?" እያለ ሲነጫነጭ አዝማሪው ሰማው። ማሲንቆውን ይዞ ፊቱ ቆመ፤ ጫማውን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ፦

"መኪና ያለው ሰው በሩቁ ያልፈናል፣
በእግሩ የመጣው ግን ዘመዳችን ሆኗል።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከጎን የተቀመጡት አንድ አባት "ተቀበል!" ብለው የራሳቸውን ስንኝ ጨመሩለት፤ ብርሌ ታዘዘ፤ ያ ኩሩ ሰውዬ ተነስቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ብር ለጠፈ፣ እስክስታም ሞከረ (ትከሻው እንኳ እሺ አላለውም)። ሌሊቱን "ነገም በእግር ነው!" ሲል ነበር። ዛሬ ያ ቤት የለም። ሰፈሩም የለም።

በጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የሙዚቃ ቤት፣ ጃዝ አምባ፣ ሲቃጠል አዝነናል። እሳት ነው፣ ምን ይባላል! በ2016 የፒያሳው ሰፈር ዶሮ ማነቂያ ከነሥጋ ቤቶቹ ሲፈርስ ግን እሳት አልነበረም። በ2017 ካዛንቺስ ሲነሳ፣ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ሥዕሉንም ማሲንቆውንም ባንድ ጣሪያ ሥር ያኖረበት ፈንድቃ የባህል ማዕከል ከቤቱ ሲወጣ፣ እሳት አልነበረም!

አትሳሳቱብኝ። በኮሪደር ልማቱ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ መብራት አለው፤ ያለ ሥጋት ማታ ይኬድበታል። ይህን የካደ ሰው በእግሩ የማይሄድ ነው። በፈረሱት ቤቶች ውስጥ ለብዙ ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት እንደነበረም አውቃለሁ፤ ጭቃው ይመለስ አልልም። ግን በዚህ በተዋበ መንገድ እንግዳዬን ይዤ የት ልግባ? አበባውን አሳየሁት፤ ፏፏቴውን አሳየሁት፤ ፎቶ ተነሳ። ከዚያስ? ጠጁ የት አለ? ግጥሙን የሚቀበለው ማን ነው? እንግዳን አዳራሽ አስገብቶ፣ በሰዓት የተወሰነ ጭፈራ አሳይቶ፣ በሚኒባስ ሆቴሉ መመለስ ከተማ ማሳየት ከተባለ፣ እናንተን ማሠልጠን ለምን አስፈለገ?

ስለ ሥዕል ብዙ ልል ነበር፤ ሰዓት ያዥዋ እያየችኝ ነው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሥራቸውን ለሕዝብ ሲያሳዩ እንግዳ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሲቻል ይግዛላቸው። አዝማሪ ፊት የሚቀመጥ እንግዳም ዝርዝር ብር እንዲይዝ አስቀድማችሁ ንገሩት።

አሁን ከፊት ወንበር ለተቀመጣችሁት ኃላፊዎች። በየኮሪደሩ ዳር ከሚሠራው ሕንፃ፣ ከመንገድ ጋር እኩል ከሆነው ወለል ጥቂቱን የቀድሞውን በሚያህል ኪራይ ለአዝማሪ፣ ለሠዓሊና ለጀበና ቡና ስጡ። ቅድሚያም በዚያው ሰፈር ሲሠሩ ለነበሩት ይሁን። ሻይ ስንጠጣ መጥቼ እጠይቃችኋለሁ፤ "ይታያል" የሚለውን መልስ ግን አልቀበልም።