ሐይቁ ዳር ቆሜ ያላየሁት ወንጌል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ውጭ በረዶ እየጣለ ነው። ያለሁት ሚኒሶታ ነው። ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ሐይቅ ነው።

ሐይቅ የተወለድኩበት አገር ነው። ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄድ ብሎ ነው። ውሃውም ከተማውም ስማቸው አንድ ነው። ወደ ውሃው ገባ ብሎ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብሱ ጋር ተያይዟል። ልጅ ሆኜ ጥቅምት 17፣ በእስጢፋኖስ ዕለት፣ ከቤተሰቤ ጋር እንሄድ ነበር። እኔና እናቴ የምንደርሰው ግን እስከ በሩ ነው። የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አይገባበትም። አባቴና ወንድሞቼ ይገባሉ። እኛ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ማኅሌቱ እዚያ ድረስ ይሰማል። ወንድሜ ሲወጣ ጠብቄ «ምን አየህ?» እለዋለሁ። «መጽሐፍ።» «ምን ዓይነት መጽሐፍ?» «ትልቅ።» ከዚያ በላይ አያወጣም።

ይሄን በቅሬታ እያወራሁ አይደለም። ሥርዓቱን አከብራለሁ፣ እናቴም ስታከብረው ነው ያደግኩት። ግን ያ «ትልቅ» የተባለው መጽሐፍ ልቤ ውስጥ ቀረ።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ እዚህ አሜሪካ ሆኜ፣ የዚያ ገዳም መጻሕፍት ፎቶ ከቤቴ ሰዓት ተኩል ያህል በሚያስነዳ ቦታ እንዳለ ሰማሁ። ኮሌጅቪል ትባላለች። የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳምና የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ያሉባት ትንሽ ቦታ ናት። እዚያ ግቢ ውስጥ የብራና መጻሕፍትን ፎቶ የሚያሰባስብ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ሂል ይባላል። ሥራውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ሌላ የዓለም ጦርነት ቢነሳ የአውሮፓ ገዳማት መጻሕፍት ይጠፋሉ ብለው ፈሩ። ኦስትሪያ ሄደው በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የኢትዮጵያው ተጀመረ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን፣ የባህል ሚኒስቴርና ቫንደርቢልት የሚባል የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አብረውበት ነበር። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ።

1973 ማለት እኮ በእኛ 1965 እና 66 ነው። ወሎ የተራበበት ጊዜ ነው። እናቴ ያኔ ልጅ ነበረች፣ ስለዚያ ዘመን ስትጠየቅ ቶሎ ወሬ ትቀይራለች። አገሩ እንዲያ ሆኖ ሳለ ነው ካሜራ ይዞ ገዳም ለገዳም የመዞሩ ሥራ የተጀመረው። መጀመሪያ ሳስበው ከበደኝ። ሰው እየሞተ መጽሐፍ ይነሣል ወይ አልኩ። ብዙ ቀን ነው ያሰብኩበት። አሁን የማምነው ሁለቱም መትረፍ ነበረባቸው ብዬ ነው። ለሰዉ በጊዜው አልተደረሰለትም፣ ያ መቼም የማይረሳ ነው። መጽሐፉን ግን አተረፉት፣ ለዚህም አመሰግናለሁ።

እዚህ ላይ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ሳላነሣ ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። የሸንኮራ ሰው ናቸው። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የሕዝብ ተወካይ ነበሩ። በ1968 መጀመሪያ ሊይዟቸው የመጡ ወታደሮች ተኩሰው አቆሰሏቸው። ከዚያ ወዲያ በእግራቸው አልሄዱም። ለሕክምና ወጡና ኮሌጅቪል ገቡ። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ በሚኒሶታ ብርድ፣ እነዚያን ፊልሞች አንድ በአንድ አነበቡ። ይሄ መጽሐፍ ምን ይላል፣ ማን ጻፈው፣ በማን ዘመን፣ ኅዳጉ ላይ፣ ማለትም በገጹ ጠርዝ፣ ምን ሰፍሯል እያሉ መዘገቡ። ዊልያም ማኮምበር የሚባሉ ምሁርም አብረዋቸው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ፕሮፌሰር ጌታቸው ማክአርተር የሚባለውን ትልቅ ሽልማት አገኙ። በሰኔ 2013 አረፉ። ዛሬ እኔ ኮምፒውተር ላይ ቁጥር ጽፌ አንድ መጽሐፍ የማገኘው እሳቸው ያን ሁሉ ዓመት ስለደከሙ ነው። ፎቶ ብቻውን ምን ያደርጋል? ዘጠኝ ሺህ መጽሐፍ ስም ሳይኖረው ቢከመር ማን ፈልጎ ያገኘዋል?

እኔ የፈለግኩት ቁጥር 1832 ነው። በነጻ ነው የሚታየው፣ ስማችሁን አስመዝግባችሁ መግባት ብቻ ነው።

ይሄ መጽሐፍ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስን ትልቅ ትምህርት ቤት ያደረጉ አባት ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያ ነው። የገዳሙ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት ይባላል፣ በኋላ ዘመን በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ሹማምንት አንዱ እስከመሆን ደርሷል። ወንጌሉ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ነው፣ በፈረንጆቹ 1280 ወይም 81 መሆኑ ነው። ይኩኖ አምላክ በነገሠ በአሥር ዓመት ገደማ ማለት ነው። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ብራና ነው ስልኬ ላይ የተከፈተው።

መጀመሪያ ሳየው ማመን አቃተኝ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። በቀይ ቀለም የተጻፈው ሁሉ ግራጫ ሆኗል። ብራናው የተጨማደደበት ቦታ ጥላ ሠርቷል። ከዚያው ከሐይቅ የተነሣ ሌላ መጽሐፍ ላይ ደግሞ፣ በገጹ ጥግ፣ የሰው ጣት ይታያል። ገጹ እንዳይታጠፍ የያዘ ሰው አውራ ጣት ነው። ጥፍሩ ውስጥ አፈር አለ። ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ምናልባት መነኩሴ፣ ምናልባት ዲያቆን። ያ ጣት ላይ ብዙ ቆየሁ። እኔ ያልገባሁበት ቤት ውስጥ ቆሞ፣ እኔ እንዳይ ገጹን ይዞልኛል።

አሁን ስለ ኅዳጉ ልንገራችሁ። የአባቶቻችን ወንጌል ወንጌል ብቻ አይደለም። «የወርቅ ወንጌል» ሲባል ሰምታችኋል? ቤተ ክርስቲያኑ የሚያከብረው፣ ቃሉ የሚታመንበት ወንጌል ነው። መሬት ሲሰጥ፣ ጉልት ሲተከል፣ ስጦታ ሲገባ፣ ክርክር ሲያልቅ እዚያ ላይ ይጻፋል። ለምን ቢባል ወንጌል ላይ የሚዋሽ የለም። ባዶ ቅጠል ላይ፣ በገጽ ጠርዝ፣ በሁለት ዓምድ መሀል፣ ክፍት ቦታ በተገኘበት ይሰፍራል። እነ እገሌ እማኝ ሆኑ፣ እነ እገሌ ዋስ ሆኑ ይላል። የመዝገብ ቤትም የውል ማስረጃም እሱ ነው። በአንዱ ገጽ ንጉሥ፣ በሌላው አንድ ገበሬ አለ። ንጉሡን ዜና መዋዕሉ ያስታውሰዋል። ያንን ገበሬ ግን ከዚያ ጠርዝ በቀር የትም አታገኙትም። እኔ ታሪክ ስማር ንጉሥ ከንጉሥ ሲዋጋ ነው የተማርኩት። የኔ ዓይነት ሰው የነበረበትን ታሪክ ኅዳጉ ላይ አገኘሁት።

በብዙ ብራናዎች ላይ ደግሞ ይሄ ግዝት አለ፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን።» የሰረቀው፣ የፋቀው፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። «የፋቀው» የምትለዋን ልብ በሉ። ብራና ይፋቃል፣ በቢላ ተፍቆ ሌላ ይጻፍበታል። መጽሐፉ ሳይጠፋ የሰው ስም ብቻ ሊጠፋ ይችላል። አባቶች ያን ከስርቆት እኩል ነው የፈሩት።

እኔ ግን ግዕዝ አልችልም። ፊደሉን አያለሁ፣ ቃሉ አይገባኝም። እንግዲህ ምን ላድርግ? አጎቴ መሪጌታ ናቸው፣ እኛ የኔታ ነው የምንላቸው። በቴሌግራም አንድ ገጽ ላክሁላቸው። ግማሽ ቀን ዝም አሉ። ከዚያ የድምፅ መልእክት መጣ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። «ልጄ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው? ፊደሉ የጥንት ነው፣ ዓይን ይፈልጋል። ይሄ ቆጠራ ነው። ገዳሙ ምን ምን መጽሐፍ እንዳለው የሚል ነው» አሉና አንድ በአንድ ይተረጉሙልኝ ጀመር። እኔ ያለ እሳቸው ምንም ነኝ። እሳቸው ደግሞ ያለዚህ ፎቶ ያን ገጽ ተረጋግተው አያዩትም፤ ዋናው መጽሐፍ ለማንም እንዲህ በቀላሉ አይገለጥም፣ መገለጥም የለበትም።

ሌላ ጊዜ፣ ከሌላ መጽሐፍ፣ በኋላ ዘመን የተጻፈ የመሬት ጽሑፍ ላክሁ። የኔታ ሳቁ። «ይቺን ቦታ እኮ አውቃታለሁ፣ ከብት ጠብቄባታለሁ።» ስሟን እዚህ አልጠራም። የመሬት ነገር ነው፣ በዛሬ ሰው መሀል ጠብ እንዳይሆን። ግን አስቡት። መጽሐፉን የመዘገቡት ምሁራን ያን የቦታ ስም ጽፈውታል። ስሙ የየትኛው ሜዳ እንደሆነ፣ ምንጩ በየት በኩል እንደሆነ የሚያውቀው ግን እዚያ ከብት የጠበቀ ሰው ነው። እነዚህ ፎቶዎች ዓለም ሁሉ እንዲያያቸው ኢንተርኔት ላይ ተቀምጠዋል፣ ጥሩ ነው። ግን የኔታ ስልክ ላይ መድረስ አለባቸው። ሐይቅ ውስጥ ዳታ ውድ ነው፣ አንድ ገጽ ለመክፈት ስንት ጊዜ ይፈጃል። በዚህ ነገር ሽንጤን ገትሬ እከራከራለሁ። የመጽሐፉ ባለቤቶች ያላነበቡት ፎቶ ሥራው ገና አልተጀመረም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ወሎ የቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። ያደግኩበት ሰፈር ግማሹ ሙስሊም ነው። ጎረቤታችን ሼኽ በጨርቅ የተጠቀለለ ኪታብ ነበራቸው። አንዳንዱ ዐረብኛ፣ አንዳንዱ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፣ ዐጀሚ የሚሉት። ያ ሁሉ መንዙማ፣ ያ ሁሉ ጃማ ንጉሥና ዳና የሚባሉት የወሎ የእስልምና ትምህርት ቦታዎች ሊቃውንት ሥራ በእንዲህ ዓይነት መጻሕፍት ነው የኖረው። የ1966ቱ ካሜራ በዋናነት የዞረው በቤተ ክርስቲያናት ነው። ከዚያ ወዲህ የእስልምና መጻሕፍትን የሚያነሡ ሥራዎች ተጀምረዋል፣ ግን ከብዛታቸው ጋር አይመጣጠንም። የወሎን ታሪክ ስክሪን ላይ ሳነብ ግማሽ ጎረቤቴ እንደሌለ ይሰማኛል። ሼኹ አርፈዋል፣ ኪታቡ ልጆቻቸው ጋ አለ። ዘንድሮ ስገባ ፎቶ ላነሣ ፈቃድ እጠይቃለሁ።

የ2014ቱን ጦርነት ታስታውሳላችሁ። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ሐይቅ ስልክ አይሠራም። እናቴ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ሥራ ውዬ ስመጣ እንቅልፍ የለም። ያኔ ነው በየሌሊቱ ቁጥር 1832ን እየከፈትኩ የማየው። የማላነበውን ገጽ። ገዳሙ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነትም ብዙ አይቷል፣ ይሄው መጽሐፉ አለ እያልኩ። ኅዳር 26 የአባ ኢየሱስ ሞዐ ዕለት ነው። ያን ቀንም ስልኩ አልገባም። ከዚያ በኋላ አንድ ማታ ደወለች። «አለሁ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልተነጋገርንም፣ ሁለታችንም አለቀስን።

ቆይቶ፣ ወራት አልፎ፣ ገጹን በስልክ አሳየኋት። በቪዲዮ ነበር፣ ስክሪኔን አዙሬ። ዝም ብላ አየች። ቀጥላ የጠየቀችኝ፣ «ሴት ብታየው ነውር አይደለም?» የሚል ነው። ምን እንደምላት አላወቅሁም። የኔታን ጠየቅኳቸው። «የተከለከለው መግባት ነው፤ ወንጌል ማየትን ማን ከለከለ?» አሉ።

ባለፈው ዓመት ስድስት ገጽ በትልቁ አሳተምኩና አገር ቤት በሚገባ ሰው ላክሁላት። ጥቅምት 17 ይዛው ሄደች። ያው የድሮው ዛፍ ሥር ተቀመጡ፣ እሷና ሴቶቹ። የኔታ ከቅዳሴ ሲወጡ ጠርታ አስቀመጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ፣ አንድ መስመር በግዕዝ፣ አንድ መስመር በአማርኛ። ሴቶቹ ከበዋቸዋል። ስድስተኛው ገጽ ላይ ዝርዝሩ ሳያልቅ ወረቀቱ አለቀ።

እዚህ ከንጋቱ በፊት ነው፣ ተኝቻለሁ። ስልኬ ጮኸ። የኔታ ናቸው፣ ከኋላቸው የሴቶች ድምፅ ይሰማል። «ልጄ፣ የሚቀጥለውን ገጽ ላኪ። ከዚያስ፣ ከዚያስ እያሉ አላስነሣም አሉኝ።»